አንድም

ዛሬ ልቤ ተነክቶ ነው የዋለው። ጎንደር ተወልጄ አድጌ፣ ዩኒቨርሲቲም ፍልስፍና ተምሬ፣ የትርጓሜ ጉባኤ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ምሥጢር የሚተረጎምበት ትምህርት፣ ቁጭ ብዬ የሰማሁት ገና ዛሬ ነው። ተማሪው ንባቡን ያነባል። የኔታ መጀመሪያ ነጠላውን ትርጉም ይሰጡና «አንድም» ብለው ሁለተኛ፣ «አንድም» ብለው ሦስተኛ ያመጣሉ። አዲሱ ሲመጣ የፊተኛው አይሻርም። ይህ ሁሉ ደግሞ በቃል! ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች ምን እንደሆኑ የገባኝም እዚያው ነው።

አገራችን በሃይማኖት ክርክር ምን እንዳየች አስቡት። አፄ ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክነታቸውን ካወጁ በኋላ በተነሣው ጦርነት ስንት ሰው አለቀ! በ1632 «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ተብሎ ዙፋኑ ለልጃቸው ተላለፈ፤ ጎንደርም ከ4 ዓመት በኋላ ተቆረቆረች። ከዚያ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መካከል ስለ ክርስቶስ የተነሣው የቅባትና የጸጋ ሙግት፣ እስከ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ፣ እስከ 1878 ድረስ (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ያ ሁሉ ሲሆን የትርጓሜው የትምህርት ወንበር አልታጠፈም።

ጉባኤው ሲፈታ አንዱን ደበሎ የለበሰ ልጅ መጽሐፉን ጨርሶ እንደሆነ ጠየቅኩት። «ገና ሦስቴ ነው የሰማሁት» አለኝ። ነገ ጠዋት ተመልሼ እሄዳለሁ፣ ደብተር ይዤ።