ቦይለሩ የሚያፈሰው ከየት ነው?

ሌሊት መታጠቢያ ቤት ስገባ እግሬ ውሃ ረገጠ። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የ80 ሊትር ቦይለራችን ስር፣ ወለሉ ላይ መዳፍ የምታህል ውሃ ተጠራቅማለች። ቀና ስል አንዲት ጠብታ ከቀዝቃዛው ውሃ ቱቦ ዳዶ ላይ ተንጠልጥላለች።

ሌላውን ሁሉ ትቼ ብሬከሩን አወረድኩ። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንሱና ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ቴርሞስታቱ የሚታሰሩት እዚያው ከታች በኩል ነው፤ ውሃና ኤሌክትሪክ እዚያ ጎን ለጎን ናቸው። እባካችሁ ይህን ሳታደርጉ እጃችሁን አታስገቡ።

ጠዋት እናቴ አየችና «ቱቦው ነው፣ ቀይሪው» አለችኝ። እኔም የጠረጠርኩት እሱኑ ስለነበር ቀየርኩት። በማግስቱ ግን ያቺው ጠብታ አዲሱ ዳዶ ላይ ተንጠልጥላ አገኘኋት።

ለካ ውሃ ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ብረቱን ተከትሎ ይወርድና ዝቅ ያለ ጫፍ ሲያገኝ ነው የሚወድቀው። ስለዚህ ሁሉንም በጨርቅ አደረቅኩ፤ የታችኛውን የፕላስቲክ ክዳን ፈታሁና በመግቢያው፣ በመውጫው፣ ትርፍ ግፊት በሚያስወጣው በሴፍቲ ቫልቩ አንገት፣ ሬዚስታንሱን በያዘው ክብ የብረት ክዳን (ፍላንጅ) ዙሪያም ሶፍት ጠቀለልኩ። ባትሪ ይዤ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም ደረቅ ነበር። ከዚያ በፍላንጁ ሁለት ብሎኖች መካከል ያለው ሶፍት ቀስ እያለ ጠቆረ፤ የእርጥበቱ ጠርዝ የዝገት ቀለም ነበረው። ደስ አለኝ፤ ቢያንስ ቦታውን አወቅሁት።

ስለ ሴፍቲ ቫልቩ አንድ ነገር ልናገር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳትበት። ውሃ ከ15 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ 2 በመቶ ገደማ ይሰፋል፤ በ80 ሊትር ላይ ይህ ወደ 1.5 ሊትር ነው። ቫልቩ ወደ መስመሩ ስለማይመልሰው ትርፉ በጠብታ ይወጣል። ቦይለሩ እየሞቀ ሳለ ቫልቩ ቢያንጠባጥብ ሥራውን እየሠራ ነውና በፍጹም እንዳትደፍኑት! ሳይበራም ቀኑን ሙሉ ካፈሰሰ ግን ወይ የመስመሩ ግፊት በዝቷል ወይ ቫልቩ አርጅቷል።

ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩ። የቀዝቃዛውን መግቢያ ዘጋሁ፤ አየር እንዲገባ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፈትኩ፤ ከሴፍቲ ቫልቩ ላይ ጎማ አስሬ ማንሻውን አነሳሁት። መጉደሉ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ፍላንጁን ስፈታ መጀመሪያ የወጣው ነጭ ደለል ነበር። ውሃ እንዳያልፍ ከፍላንጁ ስር የሚገባው የጎማ ጋስኬት እንደ ፕላስቲክ ደርቋል፤ በጣቶቼ ሳጥፈው ጠርዙ ላይ የጥፍር ያህል ስንጥቅ ተከፈተ። ጠብታዋ የመጣችው ከዚያ ነበር። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን የማግኒዥየም ዘንጉ ነው፣ አኖድ የሚሉት። አዲስ ሲሆን ጣት የሚያክል ነው፤ የእኛው ተበልቶ መካከል ላይ ያለችው ሽቦ ብቻ ቀርታለች። ይህ ዘንግ በታንከሩ ብረት ፈንታ ራሱ የሚበላ ነገር ነው። እሱ ሲያልቅ ዝገቱ ወደ ታንከሩ ይዞራል፤ ታንከሩ ከተበሳ ደግሞ ጥገና የለውም፣ መቀየር ብቻ ነው። ያን ቀን ጠብታዋን ባላይ ኖሮ ይህንንም አላይም ነበር።

ሁለቱንም ቀየርኩ። ብሎኖቹን በዙሪያ ተራ ሳይሆን ፊት ለፊት እያመሳቀልኩ፣ በትንሽ በትንሹ አጠበቅኩ፤ አንዱን ቀድሞ መጨረስ ጋስኬቱን በአንድ ወገን ይጫነዋል። ቀጥሎ ውሃ ሞላሁ። የሙቅ ውሃው ቧንቧ አየር እየተፋ ቆይቶ ወጥ ሆኖ እስኪወርድ ድረስ ብሬከሩን አልነካሁም፤ ሬዚስታንስ ያለ ውሃ ከበራ ይቃጠላል።

የፕላስቲክ ክዳኑ ውስጥ ዘንጉን የቀየርኩበትን ቀን ጽፌ ለጠፍኩ። ፍላንጁ ዙሪያ የጠቀለልኩትን አዲስ ሶፍት ግን ለሳምንት አላነሳሁትም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ገብታ በጣቷ እየነካች «ደረቅ ነው» ትለኝ ነበር።