የዜጎች ተሳትፎና ለራስ የሚሰጥ ግምት

በፖለቲካ የሚሳተፍ ዜጋ ለራሱ የሚሰጠው ግምት ከፍ ይላል የሚለው አባባል እንደ ተረጋገጠ እውነት ሲነገር ደጋግሜ እሰማለሁ። እኔ ግን አባባሉ መንስኤውንና ውጤቱን ሳይለይ ይቸኩላል ባይ ነኝ። ለራሱ ዝቅተኛ ግምት ያለው ሰው ቢሳሳት የሚደርስበትን ሳቅ አስቀድሞ እያሰበ በስብሰባ ላይ እጁን ለማውጣት ይቸገራልና፣ በተሳታፊዎች ዘንድ የሚታየው በራስ መተማመን ተሳትፎው ያመጣው ሳይሆን ወደ ተሳትፎው ያመጣቸው ሊሆን ይችላል።

አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀውና ዛሬም በሰፊው የሚሠራበት ባለ 10 ዓረፍተ ነገር መለኪያ የሚመለከተው ሰው ራሱን በጥቅሉ ዋጋ ያለው አድርጎ መቁጠሩን ነው፤ ስለ መንግሥትም ሆነ ስለ ምርጫ አንድም ጥያቄ የለበትም። የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች ደግሞ ዜጋው ጉዳዩን ተረድቶ መሳተፍ እንደሚችል ማመኑን በአንድ በኩል፣ ቢናገር ሰሚ እንዳለው ማሰቡን በሌላ በኩል ለየብቻ ይለካሉ። እነዚህ ሁሉ የግድ አብረው አይሄዱም። ራሱን የሚያከብር፣ ነገሩንም ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሰሚ እንደሌለ ስለተረዳ ብቻ ከምርጫ ጣቢያ ሊቀር ይችላል፤ መቅረቱን የበታችነት ስሜት ብሎ መተርጎም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስድብ ነው።

ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ስቱትሰር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ጥናት የመዘነው የኑሮ እርካታን እንጂ ለራስ የሚሰጥን ግምት ባይሆንም፣ ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ስዊዘርላንድ ካሏት 26 ካንቶኖች፣ ማለትም የየራሳቸው አስተዳደር ካላቸው ክልሎች፣ መካከል ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የመወሰን ሰፊ መብት ባለባቸው የሚኖሩ ሰዎች በሕይወታቸው ይበልጥ ረክተው ተገኙ። ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልካም አስተዳደር ያመጣው ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ በእነዚሁ ካንቶኖች የሚኖሩ የውጭ ዜጎች፣ ከአስተዳደሩ ፍሬ እየተካፈሉ ድምፅ የመስጠት መብት የሌላቸው በመሆኑ፣ እርካታቸው የዜጎቹን ያህል ከፍ አላለም። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ያያያዙት ከውሳኔው ውጤት ጋር ሳይሆን በውሳኔው ላይ ድርሻ ከማግኘት ጋር ነው።

ከዚህ በመነሣት ለዜጋው ክብር የሚሰጠው ማሸነፉ ሳይሆን እንደ ባለቤት መቆጠሩ ይመስለኛል። አቤቱታው ውድቅ የሆነበት ሰው ምክንያቱ በግልጽ ከተነገረው ቅር ቢሰኝም አልተናቀም። አስቀድሞ ያለቀለትን ውሳኔ እንዲያጨበጭብለት የተጠራ ተሰብሳቢ ግን በተሳታፊዎች መዝገብ ላይ ስሙ ቢሰፍርም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተዋርዶ ነው። ስለሆነም ተሳትፎን በተሰብሳቢ ብዛት የሚለኩ ሪፖርቶች ስለ ዜጎች ስሜት እምብዛም የሚነግሩን ነገር የለም፤ ዜጋውን ስንት ጊዜ ተገኘህ ከማለት ይልቅ ለተናገርኸው ምን መልስ አገኘህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል።