ሸፊልድ በራሷ አፍ ስትዘፍን

እናቴ ቤት አንድ አሮጌ ቢላ ነበር። እጀታው ተሰብሮ በሽቦ የታሰረ። ብረቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል «ሸፊልድ» የሚል ተቀርጾበታል። ልጅ ሆኜ የሠራው ሰውዬ ስም ይመስለኝ ነበር። ከተማ መሆኑን የገባኝ ጥገኝነት ጠይቄ እዚሁ ከተማ ስመደብ ነው። ሃሪ ብሬርሊ የሚባል ሰው በፈረንጅ 1913 የማይዝገውን ብረት የሠራው እዚህ ነው።

መልስ ስጠብቅ በሳምንት 36 ፓውንድ ከ95 ፔንስ ይሰጠኝ ነበር። ሥራ መሥራት አይፈቀድም። በብሩስ እንደምንም ይኖራል። ከተማዋም ለስደተኛ ደግ ናት፤ በፈረንጅ 2007 በብሪታኒያ የመጀመሪያዋ «የመጠለያ ከተማ» የተባለችው እሷ ናት። እኔን ያስቸገረኝ አፉ ነው።

አገር ቤት እንግሊዝኛ እችል ነበር። እዚህ የአውቶቡስ ሹፌር ሲያናግረኝ አንድ ቃል አልያዝኩም። «ምንም» ለማለት «ናውት» ይላሉ። «የሆነ ነገር» ደግሞ «ሰመት» ነው። ምስጋና «ታ» ብቻ፣ አለቀ። ወንዱም ሴቱም «ላቭ» ተብሎ ይጠራል። እኔ ስናገር ደግሞ «ምን አልክ?» ይከተላል። ሲደጋገምብኝ ዝምታን መረጥኩ። ሱቅ ከመግባቴ በፊት የምናገረውን በልቤ አጠናለሁ። ካልሆነም በጣቴ አሳያለሁ።

ወረቀት ካገኘሁ በኋላ አረጋውያን መጦሪያ ሥራ ገባሁ። እዚያ አንዲት ባልደረባ አሉኝ፤ በዕድሜ እናቴን ይሆናሉ። በፈረንጅ መስከረም 2018 ላይ፣ እኛ እንቁጣጣሽን አክብረን 2011 በገባን ማግስት፣ «ዓርብ ማታ ትመጣለህ?» አሉኝ። ልጃቸው ሥራ ገብቶበት ትኬት ተርፏቸዋል። አርክቲክ መንኪስ የሚባሉት የከተማው ባንድ አራት ምሽት አሬናው፣ ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ይጫወታሉ። አብዛኞቹ የባንዱ ልጆች ያደጉት ሃይ ግሪን ነው፣ እሳቸውም የዚያ ሰፈር ሰው ናቸው። ሲያወሩልኝ ፊታቸው የዳሩትን ልጅ እንደሚያወራ ሰው ነው።

ኢንዲ ሮክ የሚባለውን እስከዚያ ቀን ሰምቼ አላውቅም። ኢንዲ የተባለው በትልልቆቹ ሙዚቃ ቤቶች እጅ ካለመግባት ነው። እነዚህ ልጆች በ2002 ባንዱን መሥርተው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዘፈናቸውን ሲዲ ላይ እየቀዱ ለመጣው ሰው በነፃ ያድሉ ነበር። የወሰደው በኢንተርኔት አባዛው፤ እኛ ካሴት እያስቀዳን እንደምንቀባበለው። በ2006 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ በአንድ ሳምንት ከ360,000 በላይ ተሸጠ። ያሳተመላቸውም ዶሚኖ የሚባል ራሱን የቻለ ድርጅት ነው።

ቀኑ ዓርብ ነው። እሳቸው ረቡዕና ዓርብ እንደምጾም ያውቃሉ። ከመግባታችን በፊት ድንች ጥብስ ሊገዙልኝ ቆሙና ባለ ሱቁን፣ «የምትጠብሰው በከብት ስብ ነው በዘይት?» አሉት። እዚህ አገር በስብ የሚጠብስ ብዙ ነው። በዘይት ሆነ። ላዩ ላይ ሄንደርሰንስ የሚባለውን የከተማውን ጥቁር ማባያ አፈሰሱልኝ፤ ዓሣም የለበትም። ኮምጣጣ ነው፣ ቅመም ቅመም ይላል። ቆመን በላን። ለእኔ የምሽቱ ግማሽ እሱ ነው።

ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ትራም ያዝን። መንገዱ የድሮዎቹ ብረት ፋብሪካዎች የነበሩበት ሸለቆ ነው። አሬናው ከ13,000 ሰው በላይ ይይዛል። አባትና ልጅ አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሰው አየሁ። ወንበራችን ከመድረኩ በስተግራ፣ ከፍ ያለው ጋ ነው።

መብራቱ ጠፋ። የማት ሄልደርስ ከበሮ ሲጀምር ደረቴ ውስጥ ገባ፤ እውነቴን ነው፣ ሸሚዜ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ። ትከሻዬ ችክችካ ፈልጎ አጣ። በግንቦት ከወጣው አልበም ሲጫወቱ ዘፋኙ አሌክስ ተርነር ፒያኖ ጋ ይቀመጣል፣ ሕዝቡም ጸጥ ብሎ ያዳምጣል። እነዚያ ዘፈኖች ቀስ ያሉ ናቸው፤ እኔ ወድጃቸዋለሁ።

ከዚያ ከድሮዎቹ አንዱን ጀመሩ። ቤቱ ተነሣ። ከታች የቢራ ኩባያ ወደ ላይ ይወረወራል፣ ጠብታው የእንቁጣጣሽ ሸሚዜ ላይ አረፈ። ሰው ሁሉ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይዘፍናል። ዘፋኙ አፉን ከማይኩ ሲያነሣ እንኳ ዘፈኑ አይቆምም። ያኔ ነው «ሰመት» የምትለዋን ቃል የሰማሁት። አውቶቡስ ውስጥ ያስጨነቀችኝ ቃል! አሥር ሺህ ሰው በአንድ አፍ ይላታል። ዘፈኑ የተሠራው በዚሁ በሰፈራቸው አነጋገር ነው። ለለንደን ሰው ብለው አላስተካከሉትም።

ባልደረባዬን ዞር ብዬ አየሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ይዘፍናሉ፣ እንባቸው ወርዷል። እኔም አለቀስኩ። ባሕር ዳር ስታዲየም ትዝ አለኝ። በዚያው በፈረንጅ ዓመት ጥር ላይ ቴዲ አፍሮ ከብዙ ክልከላ በኋላ የዘፈነበትን በስልክ ነበር ያየሁት፣ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን። ያ ሕዝብም እንዲህ ነበር የሚዘፍነው። ያን ጊዜ ያጣሁት ይኼን ነው። ከሰው መሐል መቆምን።

ስንወጣ የትራሙ ወረፋ ረጅም ነው። ይበርዳል። ክንዴን ያዙኝ። ሰው አሁንም ይዘፍናል፤ እኔም የያዝኳትን ያህል እላለሁ። ትራሙ ላይ ትኬት ቆራጯ እኔ ጋ ስትደርስ ሳንቲሙን ሰጠኋት፣ ትኬቱን ሰጠችኝ።

«ታ፣ ላቭ» አልኳት።

በልቤ አላጠናኋትም። ሴትየዋም ቀና ብላ አላየችኝም፤ «ታ» ብላ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች።