ዚንኩ የታለ?

አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ኤሌክትሮኬሚስትሪ ላይ ስንደርስ ሁሌም የምስለው አንድ ነገር ነው፤ የዚንክና የመዳብ ሴል፣ ማለትም ባትሪ። ዚንኩ ይሟሟል፣ ኤሌክትሮኑ በሽቦ ይሄዳል፣ መዳቡ ይለጠፋል። ፈተና ላይም የሚመጣው እሱ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እስለዋለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። አባቷ በኤሌክትሪክ መኪና ታክሲ ይሠራል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ መቼም ይሄ መኪና የሌለበት መንገድ የለም።

«ቲቸር፣ የአባዬ መኪና ውስጥ ዚንኩ የታለ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅ ብዬ፣ «እሱማ ሊቲየም ነው። በዚንኩ ፈንታ የሊቲየም ሜታል አድርጊበት፣ ሌላው ያው ነው» አልኩና ወደ ሰሌዳው ዞርኩ።

«ሊቲየም ውኃ ሲነካው ይንጨረጨራል ብለውን የለ? ታዲያ ክረምት ላይ መኪናው ጎርፍ ውስጥ ሲገባስ?»

«ነገ እንመለስበታለን» አልኩ። በመምህር ቋንቋ አላውቅም ማለት ነው።

ማታ ሳነብ ላብ አጠመቀኝ። የሊቲየም ሜታሉን በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም ሞክሮት ነበር፤ እየተቃጠለ አስቸገረ። ጆን ጉዲናፍ በ1980 ሌላኛውን የባትሪውን ጎን፣ የኮባልት ኦክሳይዱን፣ አመጣ። አኪራ ዮሺኖ በ1985 ሜታሉን ጭራሽ አውጥቶ በካርቦን ተካው። ሊቲየሙ ካርቦኑ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ባትሪው ሲሠራ አዮን (ኤሌክትሮን የጎደለው አተም) ሆኖ ወደ ማዶ ይሻገራል። እንደ ዚንኩ የሚሟሟ ሜታል የለም። ሦስቱም በ2019 ኖቤል ተሸለሙ፤ ጉዲናፍ ያኔ 97 ዓመቱ ነበር። (ቁጥሮቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) እኔ ታዲያ ከዚያም በኋላ ዚንክ ስስል ነው የከረምኩት።

በማግስቱ «ትናንት ያልኳችሁ ስህተት ነው፣ ሰርዙት» አልኩ። አርባ ደብተር ላይ የራስን ቃል ማሰረዝ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጅቷ ደግሞ የአባቷን መኪና ወረቀት በስልኳ አንስታ መጥታለች፤ ሊቲየም አይረን (ብረት) ፎስፌት ይላል። ይሄኛው ዓይነት በፈረንጆቹ 1997 ከጉዲናፍ ላብራቶሪ የወጣ ነው። ፎርሙላውን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት።

«ሊቲየም ፕላስ አንድ፣ ፎስፌት ማይነስ ሦስት። ድምሩ ዜሮ እንዲሆን አይረኑስ?»

«ፕላስ ሁለት!» ከኋላ ወንበር። ያ ሁሌ የሚተኛው ልጅ ነው!

«ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየሙ ጥሎት ሲወጣስ?»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ከሦስት ቦታ «ሦስት!» ተባለ። ስለ ዝገት ስናወራ የምናነሳው ያው ብረት መኪና ሲነዳ አገኘሁት። ደወል ተደውሎ የሚወጣ ጠፋ። ስለ ጎርፉም መለስኩላት፦ ባትሪው የታሸገ ነው፣ ውስጡ ያለው ፈሳሽም ውኃ ሳይሆን ኦርጋኒክ ነው፣ ውኃ እንዲገባበት ግን አይፈለግም።

የወላጆች ቀን አባትየው ፈልገው አገኙኝ። ልጄ አስቸገረችኝ ሊሉ መስሎኝ ነበር።

«መምህር፣ ምን አስተማሯት? ሌሊት መኪናዋን ቻርጅ ላይ ሰክቼ ስገባ ከአልጋዋ ሆና ‹አባዬ፣ ብረቱ ሦስት ገባ?› ትለኛለች።»