አሥራ አምስት ምን በደለህ?

ሰኔ 29፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስልኬ ጮኸ። የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል። ፋይናንስ ክፍል ያለው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተሰፍቷል። "ኧረ ሲስተሙ ሞተ!" አለችኝ አንዷ። አልሞተም ነበር፤ መንቀርፈፍ ነው።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ስምንት ወሬ ነው። ሰርቨሩ ላይ ገብቼ ቶፕን፣ የሚሠሩትን ፕሮግራሞች የሚዘረዝረውን ትዕዛዝ፣ ከፈትኩ። ከሁሉም በላይ አንድ የፖስትግሬስ (የዳታቤዛችን) ፕሮሰስ፣ ማለትም እየሠራ ያለ ፕሮግራም፣ 99 በመቶ ሲፒዩ ይዞ ተቀምጧል። አንዱ የብዙ ዓመት ሪፖርት አዝዞ፣ ሲዘገይበት መስኮቱን ዘግቶ ሄዷል። መስኮቱ ተዘጋ እንጂ ጥያቄው ሰርቨሩ ላይ አልቆመም።

ላፕቶፔ ላይ ብራውዘር ሲደርቅብኝ የማደርገውን አደረግሁ። ኪል፣ ሰረዝ ዘጠኝ፣ የፕሮሰሱ ቁጥር፣ ኢንተር። ጣቴ ሳያማክረኝ ነው የጻፈው። ፕሮሰሱ ከዝርዝሩ ብን አለ። ሲፒዩውም ወረደ። ደገፍ ብዬ ቡናዬን አነሳሁ።

ሳልጎነጨው ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ከሲስተሙ ተባሯል።

ሎጉን ከፈትኩ። አንድ ፕሮሰስ በሲግናል 9 መገደሉ ተጽፏል። ከሥሩ የሌሎቹ ግንኙነት ተራ በተራ ሲቋረጥ ይታያል። ከዚያ ዳታቤዙ ራሱን መልሶ እያነሳ ነው።

ጋሼ መጥተው በትከሻዬ በኩል አዩ። (ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው፤ መሥሪያ ቤቱ ከሰርቨሮቹ ቀድሞ ያወቃቸው ሰው ናቸው።)

"ስንት ላክህ?"

"ዘጠኝ።"

"አሥራ አምስት ምን በደለህ?"

ኪል ስሙ ነው እንጂ የሚያስፈራው፣ ሥራው ለፕሮሰሱ ሲግናል፣ ማለትም በቁጥር የሚለይ አጭር መልእክት፣ መላክ ነው። ቁጥር ካልሰጡት 15ን፣ ማለትም ሲግተርምን ይልካል። ፕሮሰሱ ይሰማዋል፤ የከፈተውን ዘግቶ፣ የያዘውን ለቅቆ ይወጣል። ኮንትሮልና ሲን ስንጫን የሚሄደው 2 ነው። 1 ሲላክላቸው ደግሞ ብዙ ሰርቪሶች የማስተካከያ ፋይላቸውን እንደገና ያነባሉ እንጂ አይሞቱም። 9 ግን ለፕሮሰሱ ጭራሽ አይነገረውም። ከርነሉ፣ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ራሱ ያጠፋዋል። ልጥለፈው፣ ችላ ልበለው የሚባል ነገር የለም።

ፖስትግሬስ ላይ የሚብሰው ፕሮሰሶቹ የጋራ ሜሞሪ ስላላቸው ነው። አንዱ ድንገት ሲገደል ዋናው ፕሮሰስ ይጠረጥራል። ሟቹ እየጻፈ መሐል ላይ ሄዶ ከሆነስ? የጋራው ሜሞሪ ተበላሽቶ ከሆነስ? ስለዚህ የቀሩትንም ሁሉ ያስወጣና ከዋል ፋይሎቹ (ለውጦች ሁሉ አስቀድመው ከሚመዘገቡባቸው) እያነበበ እንደገና ይነሳል። እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው። ኮሚት የተደረገ፣ ማለትም ተጠናቅቆ የጸደቀ፣ መረጃ አይጠፋም። ያልተደረገው ነው ጣጣው።

ያልተደረገው ደግሞ የፋይናንስ ኃላፊዋ የሒሳብ መዝጊያ ነበር። አርባ ደቂቃ ሲሄድ ቆይቶ ሊያልቅ ትንሽ ነው የቀረው።

ጋሼ ኪቦርዱን ሳብ አድርገው ዳታቤዙ ውስጥ ገቡና ፒጂ ካንስል ባክኤንድ ብለው ጻፉ። ይሄ እንደዚያ ላለ ፕሮሰስ 2ን ይልክና ጥያቄውን ብቻ ያቆማል፤ ተጠቃሚው እንደተገናኘ ይቀራል። አልሰማ ካለ ፒጂ ተርሚኔት ባክኤንድ አለ፣ እሱ 15 ነው። ሁለቱንም ወረቀት ላይ ጽፈው ሞኒተሬ ላይ ለጠፉልኝ። 9ን አልጻፉም።

ኃላፊዋ በሩ ላይ ቆሙ።

"ማነው ያስወጣን?"

"እኔ ነኝ፣ እትዬ።"

ትንሽ ዝም አሉ። "እንግዲያው መዝጊያው እስኪያልቅ ቤት የሚሄድ የለም። አንተም ጭምር።"

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አለቀ። ሻይ ያመላለስኩት እኔ ነኝ።