በሉዋንግዋ ሸለቆ በእግር ስንጓዝ፦ ስለ ነፋስ፣ ስለ ዱካና ስለ ድምፅ የተማርኩት

በዛምቢያ ደቡብ ሉዋንግዋ ብሔራዊ ፓርክ፣ በወንዝ ዳር ከተተከሉ ቀላል ድንኳኖች እየተነሣሁ በአስጎብኚ መሪነት የዱር እንስሳትን በእግር መመልከት ከጀመርኩ ወዲህ የቀሰምኩትን፣ ተመሳሳይ ጉዞ ለምታስቡ ሁሉ ላካፍል እወዳለሁ። ወደ 9,050 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ አካባቢ በ1972 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ፓርክ የሆነ ሲሆን፣ የእግር ሳፋሪን በዚያ ሸለቆ ያስጀመረው የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሙያው ኖርማን ካር ነው። ካር አስቀድሞም ከአካባቢው ባህላዊ መሪ ከአለቃ ንሴፉ ጋር ተስማምቶ፣ ከጎብኚዎች የሚገኘው ገቢ ለአካባቢው ሕዝብ የሚደርስበትን መንገድ ከፍቶ ነበር፤ ይህን ማወቅ ለጉዞው ያለኝን አክብሮት ጨምሮልኛል።

ስለ ሰፈሩ ብዙ የሚባል የለም። ዝናቡ ሲመጣ ሸለቆው ስለሚጥለቀለቅ በርካታ የጫካ ሰፈሮች በደረቁ ወቅት ብቻ ይሠራሉ፤ አጥር ስለሌለም ሌሊት ያለ አጃቢ ከድንኳን አይወጣም።

ጉዞው የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው። ጠመንጃ የያዘው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) ከፊት፣ አስጎብኚው ከእርሱ ቀጥሎ፣ ሌሎቻችን በአንድ መስመር ከኋላ እንሆናለን፤ ንግግር በእጅ ምልክት ይተካል፤ ምንም ቢመጣ አይሮጥም። ልብስ አቧራማ ቀለም ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁርና ሰማያዊ የጼጼ ዝንብን ይስባሉና።

ከሁሉ አስቀድሜ የተማርኩት ነፋስን ማንበብ ነው። አስጎብኚው ደቃቅ አመድ የያዘች ትንሽ ከረጢት እያራገፈ፣ አመዱ ወዴት እንደሚበን ይመለከታል። ዝሆን ዓይኑ ደካማ፣ ማሽተቱ ግን እጅግ ብርቱ በመሆኑ፣ ሽታችን ወደ እርሱ የሚሄድ ከሆነ ረጅም ዙሪያ ዞረን እናልፋለን። በእኔ አስተያየት፣ ከአስጎብኚ ችሎታ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ትዕግሥት ነው።

ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜዬን የወሰደው ዱካ ነው። የዝሆን የፊት እግር አሻራ ክብ፣ የኋላው ሞላላ ነው፤ የፊት አሻራው ዙሪያ ሲለካና በሁለት ሲባዛ የእንስሳውን ቁመት እስከ ትከሻው ድረስ በግምት ይሰጣል። አንበሳ ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚሰበስብ በአሻራው ላይ የጥፍር ምልክት አይታይም፤ የጅብ አሻራ ግን ጥፍሩን ያሳያል። የጅብ ዓይነ ምድርም በበላው አጥንት ምክንያት ሲደርቅ ይነጣል። እጅግ የወደድኩት ግን የዱካን ዕድሜ ማወቅ ነው፦ ሌሊት የሚንቀሳቀሱ ነፍሳት የተዉት ቀጭን መስመር አሻራውን አቋርጦ ካለፈ፣ እንስሳው ያለፈው ከንጋት በፊት ነው፤ የአሻራው ጠርዝ ስል ሆኖ ካልተፈረፈረ ደግሞ ዱካው ትኩስ፣ እንስሳውም ቅርብ ሊሆን ስለሚችል እርምጃችንን እናዘገያለን።

ጆሮም የራሱን ሥራ ይሠራል። ከጎሽ ጀርባ ላይ መዥገር የሚለቅሙት ወፎች እየጮኹ ከቁጥቋጦ መካከል ሲነሡ፣ ጎሹ ከመታየቱ በፊት መኖሩን ያስታውቃሉ። ዝንጀሮ ከዛፍ ላይ ደጋግሞ ሲጮኽ ነብር ወይም አንበሳ በአቅራቢያው ሊኖር ይችላል፤ ኢምፓላ የሚባሉት የሜዳ ፍየል መሰል እንስሳት በአንድነት ወደ አንድ አቅጣጫ አፍጥጠው ሲቆሙም እኛ የምንመለከተው እነርሱ ወደሚመለከቱበት ነው።

ወንዝ ዳር ስንደርስ ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ለግጦሽ ከውኃ የወጣ ጉማሬ መመለሻው ሲዘጋበት እጅግ አደገኛ ስለሚሆን፣ በእርሱና በውኃው መካከል መግባት ፈጽሞ አይገባም።

በአሁኑ ጊዜ የዝሆንና የጎሽ ዱካ ወዴት እንደሚያመራ ያለ እርዳታ መናገር እችላለሁ። በደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ፣ በተለይም በሞፓኔ ዛፎች ሥር ቅጠል በሸፈነው ምድር፣ የተቋረጠን ዱካ መልሶ ማግኘት ግን ገና እየተለማመድኩት ነው፤ አስጎብኚው ፀሐይ ዝቅ ባለችበት የማለዳ ሰዓት፣ ዱካውን በእኔና በፀሐይዋ መካከል አድርጌ የጥላውን ጠርዝ እንድፈልግ መክሮኛል፤ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት የምሠራውም በዚሁ ላይ ነው።