እፉኝቷ እኔ ቤት ናት የምታድረው

ድመት ያመጣሁት ለአይጥ ነው፤ ለፍቅር አይደለም። ጥምቀት ባለፈ ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ በብስኩት ካርቶን አድርጎ ሰጠኝ። ሁለት ወር ቢሆናት ነው። እቴጌ አልኋት። ጎንደር ተቀምጦ ድመትን ዝም ብሎ ውሮ ማለት ለከተማው አይመጥንም።

እሷ ደግሞ ስሙን የምር ወሰደችው። ቁስቋም ላይ ግብር የምታበላ ይመስል ወተቷ እስኪቀርብ ከትራሴ ላይ አትነሳም። አይጥ? ከነመኖሩም የሰማች አትመስልም።

ፋሲካ አለፈና ጠባይዋ ተለወጠ። ያገኘችውን ታኝካለች። መጀመሪያ የቻርጀሬን ገመድ፣ ቀጥሎ የጫማዬን ማሰሪያ፣ ቀጥሎ አውራ ጣቴን፣ ያውም ተኝቼ። አፏም መሽተት ጀመረ። የዶሮው አጥንት ትዝ እያላት ይሆናል ብዬ ተውኋት።

ጉዱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። አከራዬ እማማ ነጠላቸውን አጥበው ግቢው ገመድ ላይ አስጥተዋል። ከውጭ ስገባ እቴጌ ዘርፉን ነክሳ ተንጠልጥላለች። ወገቧን ይዤ ሳብሁ። አለቅም አለች። ደግሜ ሳብሁ። ለቀቀች። ዘርፉ ላይ ሁለት ሦስት ክር ተመዟል። ግራ ቀኝ አየሁ፤ ሰው የለም። ክሮቹን በጣቴ ጠቅልዬ ወደ ውስጥ መለስሁና ወንጀለኛዋን ታቅፌ ቤቴ ገባሁ።

አፏን ከፍቼ ሳይ በስተቀኝ የላይኛው ክራንቻ የለም! ድዷ ላይ ትንሽ ደም አለ። የሰው ነጠላ አበላሽቼ፣ የድመቴን ጥርስ ነቅዬ፣ በአንድ ከሰዓት። እኔ እንቅልፍ አጥቼ አደርሁ። እሷ እያንኮራፋች አደረች።

እሑድ እማማ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሲመለሱ ቡና ተፈላ፤ እኔም ተጠራሁ። ገና ሁለተኛው ሳይቀዳ እማማ አንገታቸውን ያሻሻሉ። "ምንድነው ይኸ የሚወጋኝ?" ከነጠላው አንድ ነገር መዝዘው አወጡ። የሩዝ ፍሬ ያክላል። እንደ ማጭድ ቆልመም ያለ፣ ጫፉ መርፌ፣ ሥሩ ላይ የበርበሬ ቅንጣት የምታክል የደረቀ ደም።

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አገላበጡት።

"መተማ በረሃ ሳለሁ አይቸዋለሁ። የእፉኝት ጥርስ ነው።"

"እፉኝት ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት፣ የሰው እጅ ነው እንጂ!" አሉ አንዲት ሴትዮ። ሌላዋ ከግንቡ የመጣ የሌሊት ወፍ ነው አሉ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ምርመራ። አራተኛው ሰው መልሱን ያውቃል፤ ግን ሲኒው ውስጥ አቀርቅሯል።

"አንተ ልጅ፣ ተነሥ እንጂ!" አሉኝ ጋሼ። እፉኝቷ የማገዶው ክምር ሥር ናት ተብሎ ተፈረደ። ዱላ ይዘው ከኋላዬ ቆሙ፤ ፍልጡን አንድ በአንድ የማነሳው እኔ ነኝ። የሌለ እባብ ፍለጋ ሁለት ሰዓት! ያገኘሁት አንድ ነጠላ ጫማና አንድ ወፍራም አይጥ ነው። አይጡ እቴጌ በተቀመጠችበት በኩል ፈትለክ አለ።

"እቴጌ! ያዢው!" ግቢው በአንድ ድምፅ።

እቴጌ አይጡን በዓይኗ ሸኘችውና አዛጋች። አፏን እስከ ጉሮሮዋ ከፍታ።

"እማማ! እቴጌም ወላቃ ሆነች!" አለች የእማማ የልጅ ልጅ። ሰባት ዓመቷ ነው፤ የራሷ የፊት ጥርሶች በቅርቡ ነው የወለቁት። በሰፈራችን ከእሷ የተሻለ ባለሙያ የለም።

ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ተጠራ። ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ሳቀ። በቀኝ በኩል አዲሱ ክራንቻ ጫፉን ብቅ አድርጓል። በግራ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ቆመዋል።

"የወተት ጥርሷ ነው። 26 ነው ያላት። በአራት ወር ገደማ ከፊት መውለቅ ይጀምራል፤ ስድስት ሰባት ወር ሲሆናት ሙሉው 30 ይሆናል። ያለ የሌለውን የምታኝከው ድዷን እያሳከካት ነው።"

"እስከ ዛሬ የወለቀውስ የታለ?" አሉ እማማ።

"ብዙውን ከምግቧ ጋር ትውጠዋለች።"

"የገዛ ጥርሷን!" አማተቡ።

እኔ ግን ሌሊቱን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አላስችል አለኝ። "እኔ ስስባት አይደለም እንዴ የነቀልሁት?"

"ኧረ አይደለም። አዲሱ ሲመጣ የአሮጌው ሥር እየሟሟ ያልቃል። ሊወድቅ የደረሰ ነው የወደቀው።"

እፎይ አልሁ። ደረቴ ቀለል አለኝ። ያኔ እማማ ቀስ ብለው ዞሩ።

"የሳብሃት ከምን ላይ ነው፣ ልጄ?"

መልስ ሳይጠብቁ የነጠላቸውን ዘርፍ ገልብጠው መፈተሽ ጀመሩ። የጠቀለልኋቸው ክሮች አንድ በአንድ ተፈቱ። ጋሼ ዱላቸውን አልጣሉም ነበር፤ ወደ እኔ ይሁን ወደ ድመቷ አላውቅም፣ ትንሽ ከፍ አደረጉት።

ዘርፉን አስጠግኛለሁ። ማገዶውንም መልሼ ከምሬያለሁ። ጥርሱን ልጅቷ የራሷን እንዳደረገችው ጣራ ላይ ወረወረችው። ጋሼ አሁንም "የእፉኝትም ቢሆን እንዲሁ ነው" ይላሉ። የግራው ገና አልወለቀም፤ ሰባት ወር አልፏት ካልወለቀ ሐኪም ይያት ብሏል ተማሪው። እማማ እስከዚያው ነጠላቸውን የሚያሰጡት ቤት ውስጥ፣ በሩን ቆልፈው ነው።